የዳኛው ቀለብ

መስከረም 12

ለልጄ፣

በሰላም ውለሽ በሰላም እንደምታድሪ በማመን ይህን እጽፍልሻለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ደህና ነው። እንስሳውም ደህና ነው።

ጉዳዩ፦ የእንሽላሊቱን የቀለብ በጀት ስለማጸደቅ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በንብረት ክፍል ሠርቼ ከመጋዘኔ አንዲት ብሎን ሳትጎድል ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህን የምልሽ ለመኩራራት አይደለም። በአደራ የተቀበልኩትን ነገር ያለ ሒሳብ መያዝ ስለማልችል ነው። በሰኔ ወደ ሰው አገር ስትሄጂ የመስታወት ሣጥኑን ከነነዋሪው አስረከብሽኝ፤ «ጋሼ፣ ብቻ እንዳይራብብኝ» ብለሽ የተጠቀለለ ገንዘብ በእጄ ጨብጠሽልኝ እየሮጥሽ መኪና ውስጥ ገባሽ። አንቺ አልቆጠርሽልኝም፣ እኔ አልፈረምኩልሽም። እንዲህ ያለ ርክክብ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ስቆጥረው አንድ ሺህ አምስት መቶ ሆነ። በወር የሚወጣው ይህን ይመስላል። ለፌንጣ፣ ገበያ ጫፍ ካለው ወፍ ሻጭ የሚገዛ፣ በሳምንት አንድ ጣሳ፣ በወር ሁለት መቶ አርባ። ከዶሮ መኖ ሱቅ ለሚገዛው ትል ሰማንያ። ለጎመንና ለሰላጣ አርባ። ለሚያሞቀው አምፖል የመብራት ፍጆታ፣ አምፖሉን እያበራሁና እያጠፋሁ በቆጣሪው ለክቼ፣ ዘጠና። ድምር አራት መቶ ሃምሳ። በሦስት ወር አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ወጥቷል። ቀሪው አንድ መቶ ሃምሳ «የእንስሳው» ተብሎ በተጻፈበት የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። ደረሰኞቹን አያይዣለሁ። ወፍ ሻጩ ደረሰኝ አልሰጥም ብሎ ሲያስቸግረኝ እኔው ጽፌ አስፈርሜዋለሁ።

ለሚቀጥለው ጊዜ በወር አራት መቶ ሃምሳ፣ ከአሥር በመቶ መጠባበቂያ ጋር አራት መቶ ዘጠና አምስት እንዲፈቀድ እጠይቃለሁ። አምስት መቶ ብለሽ እንዳትልኪ፤ አምስቷን ምን ላደርጋት ነው?

እንስሳው «ዳኛው» ብለሽ እንደሰየምሽው በእርግጥም ዳኛ ነው። ፌንጣውን ስጥልለት በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ዞሮ በሌላው ዓይኑ ያያል፣ ከዚያ ነው የሚፈርድበት። አክስትሽ በሕይወት ብትኖር «እንሽላሊት በቤቴ!» ብላ ሁለታችንንም ደጅ ታሳድረን ነበር። ነፍሷን ይማርና።

ስለ እኔ እንዳታስቢ። ጡረታዬ ይበቃኛል።

ጋሼ


ጥቅምት 3

ጋሼዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይህን ስጽፍልዎት እንኳ እየሳቅሁ ነው። በጀቱን ለሥራ ባልደረባዬ ተርጉሜ አነበብኩላት። የወፍ ሻጩን ፊርማ ሳሳያት የምታጥፈውን አንሶላ ጥላ ሳቀች። «እኚህ ሰው እኛ ሆስፒታል ቢመጡ አንድ ፎጣ አይጠፋም ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ስለ ሥራዬም ልንገርዎት። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። አንሶላው በጋሪ ይመጣል፣ በጋሪ ይሄዳል። መስኮት የለውም፤ ዝናብ መዝነቡን የምናውቀው ከላይ የሚወርዱት ሰዎች ጫማቸው ርሶ ስናይ ነው። ማሽኖቹ ግን ይሞቃሉ። እዚያ ስቆም ሁልጊዜ ዳኛው ከአምፖሉ ሥር ሆዱን አንጥፎ የሚተኛው ትዝ ይለኛል።

ጋሼ፣ ሰው ሁሉ «ለእንሽላሊት ገንዘብ ትልካለች» እያለ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እሠራበት የነበረው ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍሉን ሲዘጋ እኔን ከሥራ፣ እሱን ከመደርደሪያው ነው ያወረዱን። ዳይሬክተሩ «ሜዳ ላይ ልቀቂው» አለኝ። ሣጥን ውስጥ ያደገ እንስሳ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን አይቆይም። አክስቴ ከሞተች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ሌላ የሚለቀቅ ነገር ማየት አቃተኝ፤ ያ ነው ነገሩ።

ስድስት መቶ ልኬያለሁ፤ በየወሩም ይህንኑ እልካለሁ። በዛ ብለው እንዳይቆጡኝ፤ አንድ አዲስ ነገር ስለማዝዝዎት ነው። በሳምንት አንድ ቀን የተቀቀለ እንቁላል ይስጡት። ግማሹን ብቻ፤ ሙሉውን ከበላ ይወፍራል፣ ጉበቱን ይጎዳዋል። ቅርፊቱን ደግሞ ፈጭተው ጎመኑ ላይ ይነስንሱለት፣ ለአጥንቱ ነው።

ደረሰኝ አይላኩልኝ፣ እባክዎ። ይልቅ ስለ ራስዎ ይጻፉልኝ። ሦስት ገጽ ጽፈው ስለ እርስዎ ያለው ሁለት መስመር ነው።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 20

ለልጄ፣

ከሩቅ የምታስቢልን ሁሉ በጤና ይመለስልሽ። የላክሽው ስድስት መቶ በጥቅምት 19 ቀን፣ የኅዳሩም በኅዳር 18 ቀን ደርሶ ገቢ ሆኗል።

ጉዳዩ፦ ሁለት ጥያቄዎችን ስለማቅረብ።

አንደኛ፣ እንቁላሉን በመመሪያሽ መሠረት ዘወትር እሑድ እየቀቀልኩ ግማሹን ስሰጠው ቆይቻለሁ። ይወደዋል፤ አስኳሉ አፍንጫው ላይ ተለጥፎ ሲዞር ይውላል። ነገር ግን ስለ ሌላኛው ግማሽ መመሪያሽ ዝም ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግማሾች እስከሚቀጥለው እሑድ ይቆያሉ ብዬ ባስቀምጥ ተበላሽተው በቃለ ጉባኤ ተወግደዋል። ይህ ብክነት ነው። ቀሪው ግማሽ በንብረትነት ተይዞ ይወገድ፣ ወይስ ጠባቂው ሊገለገልበት ይፈቀድለታል? ውሳኔሽን እስክትልኪ ድረስ እንቁላል መቀቀሉን በየሁለት ሳምንቱ አድርጌዋለሁ።

ሁለተኛ፣ አምፖሉ እስከ ምሽት አንድ ሰዓት ይበራል። ክፍሌ ሰሞኑን ስለበረደ ወንበሬን ወደ ሣጥኑ አስጠግቼ ጋዜጣ ማንበብ ጀምሬያለሁ። የመብራቱ ወጪ ለእንስሳው የተመደበ ነው። እኔ በብርሃኑ ማንበቤ አግባብ ነው ወይ? ሣጥኑን ላለመጋረድ እጠነቀቃለሁ።

የአንድ ጣሳ ፌንጣ ዋጋ ከስልሳ ወደ ሰባ ወጥቷል። ወፍ ሻጩን «በአንድ ጊዜ አሥር ብር?» ስለው «ጋሼ፣ ፌንጣውም ኑሮ ተወዶበታል» አለኝ። ተናድጄ ልሄድ ነበር፤ ሳላስበው ሳቅሁ።

ስለ ራሴ ጻፍ ስላልሽኝ፦ ጤናዬ ደህና ነው። ጡረታ ቢሮ አንዲት የፋይል ጉዳይ አለችኝ፣ እየተመላለስኩ ነው። ቀላል ነገር ናት።

መልስሽን እጠብቃለሁ።

ጋሼ


ታኅሣሥ 20

ጋሼ፣

ሰላም ነዎት? ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዛብኝ።

በዚህ ወር ሦስት መቶ ነው የላክሁት። ለጊዜው በዚህ ይብቃቃ። ፌንጣውን ቀነስ ያድርጉለትና ጎመኑን ያብዙለት፤ አይሞትም። እርስዎ ደግሞ የታመመ ሰው አስመሰሉት እኮ፣ እንሽላሊት ነው።

እንቁላሏንም እንዲያው እኔ ከዚህ ሆኜ ላስብባት ነው? ይጣሏት፣ ለድመት ይስጧት፣ ደስ ያለዎትን ያድርጉ። በአምፖሉም ያንብቡ፣ ማን ከለከለዎት!

እየቸኮልኩ ነው። ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


የካቲት 2

ለልጄ፣

ሥራ እንደበዛብሽ ስለጻፍሽልኝ ጉልበቱን ይስጥሽ እላለሁ። ሦስት መቶው ደርሷል።

ጉዳዩ፦ የወጪ ቅነሳ ስለመደረጉ።

በአዲሱ በጀት ፌንጣ መግዛት አቁሜያለሁ። ከኳስ ሜዳው ጀርባ ረጅም ሣር አለ፤ ጧት ፀሐይዋ ሳትጠነክር ፌንጣዎቹ ቀዝቅዘው ስለሚቆዩ ባርኔጣዬን እደፋባቸዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ያዝኩ፤ እሱም ባርኔጣውን ሳነሣ አመለጠኝ። አሁን እስከ አሥራ አምስት ደርሻለሁ። በሜዳው ዙሪያ የሚሮጡት ስፖርተኞች መጀመሪያ እብድ መስያቸው ነበር። አሁን «ጋሼ፣ እንዴት ነው ምርቱ?» እያሉኝ ያልፋሉ።

ትሉንም ቢሆን በስንዴ ፉርሽካ ውስጥ ማርባት ጀምሬያለሁ። ስለዚህ በወሩ ያወጣሁት ለፉርሽካ፣ ለጎመን፣ ለእንቁላልና ለመብራት ሁለት መቶ አሥር ነው። ዘጠና ተርፏል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ነው።

የእንቁላሉ ግማሽ በመመሪያሽ መሠረት ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ድመት እየተሰጠ ነው። ድመቷ ወፍራለች።

ከዚህ ቢቀንስም ችግር የለም። አንቺ ብቻ ጤናሽን ጠብቂ።

ጋሼ


የካቲት 25

ለልጄ፣

ይህ ደብዳቤ በጎረቤቴ በልብስ ሰፊዋ እጅ የተጻፈ ቢሆንም ቃሉ የእኔ ነው።

ጉዳዩ፦ መጠነኛ አደጋን ስለማሳወቅ።

በየካቲት 17 ቀን ጧት በመስክ ሥራ ላይ እያለሁ ወድቄ የቀኝ እጄ አንጓ ወልቋል። ታሽቶ ታስሯል። ስብራት የለውም። በዕለቱ የተያዙት ዘጠኝ ፌንጣዎች ጠፍተዋል። እንስሳው ለሁለት ቀን ጎመንና ትል ብቻ በልቷል፤ ይህን ለማወቅ መብት ስላለሽ ነው የምጽፈው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ቀለቡን እያገኘ ነው። ለሕክምና የወጣው ገንዘብ ከእንስሳው ሒሳብ አይደለም። ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም።

ጋሼ

እህቴ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው። እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ወጥተዋል፤ እኔ ደግሞ ለማሸግ ብዬ ደብዳቤውን ይዤዋለሁ። ከአፋቸው የወጣውን ቃል በቃል ጽፌልሻለሁ፤ ግን ዝም ብል ኅሊናዬ አይለቀኝም።

ጡረታቸው ከጥቅምት ጀምሮ ቆሟል። ፋይላቸው ላይ ሁለት የተለያየ የልደት ዓመት ተገኘ አሉ። «የሰው ንብረት ሲቆጥር የኖረ ሰው የራሱን ፋይል ሳያስተካክል ቀረ» ተብሎ እንዳይሳቅብኝ ብለው ለማንም አልተናገሩም። በቀን አንድ ጊዜ ዳቦ በሻይ ነው የሚበሉት። ምግብ ሳቀርብላቸው «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» ይሉኛል። ወድቀው ያነሣናቸው እኔና አንድ ሯጭ ነን። ክሊኒክ ስንወስዳቸው ነርሷ እጃቸውን አይታ ስታበቃ ወደ እኔ ዞራ «እጁስ ይድናል፤ እኚህን ሰው የሚያበላቸው የለም እንዴ?» አለችኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

መደርደሪያው ላይ ቆርቆሮ አለ፤ ውስጡ ገንዘብ አለ። «ጋሼ፣ ከዚህ ለጊዜው ይውሰዱ፣ ሲከፈልዎት ይመልሳሉ» አልኳቸው። እንዴት እንዳዩኝ ብታይ! «የእንስሳው ነው» አሉኝ።

እንቁላሉን ለድመቴ ሲሰጡ ዓይኔ እያየ ነበር። ቁጢጥ ብለው፣ በልታ እስክትጨርስ ጠብቀው፣ ሳህኑን አጥበው ይሄዳሉ። ለድመት መስጠት ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ አንቺ እንዳዘዝሽ የገባኝ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ለማሸግ ስል የቀድሞ ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ሳየው ነው። በሞቴ፣ እሷ ነገረችኝ ብለሽ እንዳትነግሪብኝ። ወይም ንገሪያቸው፤ እንደፈለገ ይሁን።


መጋቢት 9

ጋሼ፣

የዛሬው ሰላምታ ይቅር። ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ነው የምጽፈው።

ልብስ ሰፊዋን እንዳይቆጧት። የጻፈችልኝን ሁሉ አንብቤያለሁ። ከእሷ ጋር ቢጣሉ ከእኔም ጋር እንደተጣሉ ይቁጠሩት።

ለድመት? ጋሼ፣ ለድመት? እኔ ያን የጻፍኩት ቆሜ፣ ካፖርቴን ለብሼ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው። ሰው በንዴት «ለድመት ስጠው» ሲል ሰምተው አያውቁም? «ጠባቂው ሊገለገልበት ይፈቀድለታል ወይ» ያሉኝን ደብዳቤ አሁን አውጥቼ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ያኔ ለባልደረባዬ አንብቤላት አብረን ስቀንበታል። ስቀንበታል፣ ጋሼ። እርስዎ ግማሽ እንቁላል ልብላ ወይ ብለው እየለመኑኝ ነበር፤ እኔ የቀልድ ወረቀት አደረግሁት። ምናለ «ርቦኛል» ቢሉኝ? ሁለት ቃል እንኳ አይሞላም። እርስዎ ለአንድ ጣሳ ፌንጣ ግማሽ ገጽ የሚጽፉ ሰው!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ፌስታል ልብስ ይዤ ቤትዎ ስገባ የእርስዎ ሥጋ አልነበርኩም። የሚስትዎ የወንድም ልጅ ነኝ። እንደ ሕጉ ቢሆን ባዳ ነበርኩ። ያን ቀን «የዚህች ልጅ ቀለብ ከየትኛው ሒሳብ ይወጣል» ብለው ለማን ጻፉ? ማን ፈቀደልዎት? አሥራ አራት ዓመት በልቻለሁ። ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት። ክረምት ላይ ሲያስለኝ ደግሞ ማር። አክስቴ «ይህች ልጅ ሆዷ ጉድጓድ ነው» ስትል እርስዎ ዳቦዎን ቆርሰው ወደ እኔ ሳህን ሲያሻግሩ፣ ያቺ ቁራሽ የት ተመዘገበች?

ደረሰኙን ያሳዩኝ። የበላሁትን ሁሉ ከነዋጋው ይላኩልኝ፤ እከፍላለሁ፣ እኔና እርስዎም ባለዕዳና ባለገንዘብ ሆነን እንተያያለን። ከሌለዎት ግን አፍዎን ይክፈቱና ይብሉ።

ሁለት ሺህ ልኬያለሁ። የዳኛው አይደለም። ቆርቆሮው ውስጥ ብትገባ ዓይንዎን አላይም።

ተቆጥቼ ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ግን አልደልዘውም።

ልጅዎ


መጋቢት 28

ለልጄ፣

እጄ ስለተሻለው እኔው ነኝ የምጽፈው፤ ፊደሉ ቢወላገድ አትታዘቢኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ልብስ ሰፊዋን ተቆጣሁ። በሯ ላይ ቆሜ «የሰው ደብዳቤ ላይ መጨመር ወንጀል መሆኑን ታውቂያለሽ?» አልኳት። መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ይክሰሱኝ» አለችኝና መስፋቷን ቀጠለች። ምን ይባላል? ተመለስኩ።

ከዚያ የጠየቅሽውን ደረሰኝ ፍለጋ ጀመርኩ። ጥያቄ ቀርቦልኝ ሳልፈልግ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። የቤት ወጪ ደብተሮቼን ከአልጋው ሥር አወጣሁ፤ አክስትሽ የወረቀት መቃብር የምትላቸውን። አንቺ የመጣሽበትን ዓመት አገኘሁት። ስኳር አለ። ሳሙና አለ። ላምባ አለ። የአክስትሽን ጫማ ሶል ያስለወጥኩበት አለ። አንድ ኩርሲ ያሳደስኩበት አለ፣ እስከ ሚስማሩ ቁጥር። አንቺ ግን የለሽም። የሚቀጥለውን ዓመት አየሁ፣ የለሽም። አሥራ አራቱንም ደብተር ገጽ በገጽ አየሁ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የዳቦው ቁጥር ከመስከረም ወደ ጥቅምት ሲሻገር በድንገት ከሁለት ወደ አራት ዘልሏል፤ ለምን እንደጨመረ ግን አንድ ቃል ማብራሪያ አልጻፍኩም። ማር የሚል ቃል የትም የለም። እኔ ተቆጣጣሪ ብሆን ኖሮ ይህን ደብተር አላሳልፈውም ነበር፤ ያዥውንም ከሥራ አግደው ነበር።

ደብዳቤሽ እንዳልዋሸ አውቃለሁ። በልተሻል። እያየሁሽ ነው የበላሽው። ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ብሎን የቆጠረ ሰው እንዴት ሳይጽፈው ቀረ? ወለሉ ላይ ብዙ ተቀምጬ አሰብኩበት። ረስቼ አይደለም። ይጻፋል የሚል ሐሳብ ራሱ አልመጣልኝም።

ተነሥቼ ሱሪዬን አራገፍኩና የልብስ ሰፊዋን በር እንደገና አንኳኳሁ።

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

«ምሳ በልተሻል?»

«ማን? እኔ?»

«ሌላ ሰው አለ እንዴ እዚህ?»

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለችው ምግብ ቤት ሄድን። ሾርባ በላሁ። ሩዝ በሥጋ በላሁ። ዳቦ አስጨመርኩ። መጀመሪያ ላይ ሆዴ እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ቀስ እያልኩ ስውጥ ለመደ። እሷ የራሷን ትታ እኔን ስታይ ዓይኗ እንባ ስላቀረረ «ሾርባሽ ይቀዘቅዛል» ብዬ ተቆጣኋት። አስተናጋጁ ሒሳቡን አምጥቶ «ደረሰኝ ልቁረጥልዎ?» ሲለኝ «አያስፈልግም» አልኩት። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ ግንባሬን በእጇ ነካች፣ ትኩሳት ያለኝ መስሏት።

ስንት እንደከፈልኩ አልነግርሽም። አልጻፍኩትም።

በማግስቱ እሷው ጡረታ ቢሮ ይዛኝ ሄደች። እኔ አምስት ወር ወረፋ ጠብቄ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ «እባክዎ» እያልኩ የተመላለስኩበትን መስኮት እሷ በመዳፏ ደበደበችው። «እኚህ ሰው በየትኛውም ዓመት ይወለዱ፣ መወለዳቸውን እያያችሁ አይደለም?» አለቻቸው። ሠራተኛው ሳቀ፤ ፋይሉንም አወጣው። ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ አንድ ደብዳቤ አምጣ ተብያለሁ። ነገሩ ገና አላለቀም፤ አሁን ግን ብቻዬን አይደለም የምመላለሰው።

ዳኛው ደህና ነው። ቆዳውን እየገፈፈ ነው፤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ አስቂኝ መልክ ይዟል። ፌንጣውን ሯጩ በፌስታል ያመጣልኛል፤ እምቢ ብዬው ነበር፣ ከዚያ ተቀበልኩት።

አሁን ተራው የእኔ ነው።

በጥቅምት ስድስት መቶ ላክሽ። በታኅሣሥ ወደ ሦስት መቶ ወረደ። የታኅሣሡ ደብዳቤሽ የተጻፈው በአንድ የታተመ ፎርም ጀርባ ላይ ነው፤ ስትቸኩዪ ያገኘሽውን ወረቀት አንሥተሽ ይሆናል። ቋንቋውን አላውቀውም። ሠንጠረዥ ግን በየትኛውም ቋንቋ አነባለሁ። ሰባት ዓምድ አለው፤ ከሰባቱ በአራቱ ላይ ስምሽ ባለበት መስመር ሰረዝ ተሰርዟል። በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚያሠሩሽ። መጋዘን ውስጥ የኖረ ሰው አቅርቦት ሲቀንስ ወደ መንገዱ ያያል። እኔ አየሁ። «ሥራ በዛብኝ» ስትዪኝ ሥራው እንዳነሰሽ በዚያው ቀን ገብቶኛል።

አልጠየቅሁሽም። ለአንቺ አዝኜ ብቻ እንዳይመስልሽ። ብጠይቅሽ አንቺም መልሰሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው። እኔ አንቺን በዝምታዬ ሸፈንኩሽ፣ አንቺም እኔን፤ መሐል ላይ አንድ እንሽላሊት አስቀምጠን ስለ እሱ ሆድ ስንጽፍ ከረምን።

ሁለት ሺሁን ተቀብያለሁ፣ አልመልስም፣ ቆርቆሮው ውስጥም አላስገባሁትም። ግን በሦስት ቀን ሥራ ሁለት ሺህ ከየት መጣ? ማን አበደረሽ? ካፖርትሽ አለ ወይስ ሸጠሽዋል? ማሽኖቹ ይሞቃሉ ብለሽኝ ነበር፤ በቀሩት አራት ቀናትስ የት ነው የምትውዪው?

ከዚህ በኋላ ለዳኛው አንድ ሳንቲም እንዳትልኪ። ሣር ሜዳው ነጻ ነው፣ ትሉም ተራብቷል፤ እሱ ከሁለታችን የተሻለ ኑሮ አለው። ለእኔም ልብስ ሰፊዋ አለች፤ ከእሷ ጋር እየተጋበዝን እንበላለን፣ አንድ ቀን እኔ፣ አንድ ቀን እሷ።

ደረሰኝ አያይዘሽ አትላኪ። ድምር አልፈልግም። «ደህና ነኝ» የሚልም አልቀበልሽም፤ ያን ቃል ለስድስት ወር እኔው ራሴ ስጽፈው ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ፣ በደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ላይ፣ ከሰላምታውም በፊት።

ዛሬ ምን በላሽ?

ጋሼ